በጉ ያለበት ኮንሰርት

የሠርጌ ቪዲዮ የለኝም። ካሜራማን አግብቼ የሠርጌ ቪዲዮ የለኝም ስል የሰማ ሁሉ ይስቃል። ባሌ ጠልሐ የካዛንቺስን ግማሽ ሠርግ የቀረጸ ሰው ነው፤ በራሱ ቀን ግን ካሜራውን ሳጥን ውስጥ ቆልፎበት ዋለ። በሌላ ሰው እጅ አላምነውም አለ። ሚዜዎቹ፣ "ታዲያ ሙሽራ ሆነህ ራስህ ልትቀርጽ ነው?" ብለው ሲያሾፉበት፣ "ከፈቀዳችሁልኝማ ምን ገዶኝ" ብሎ መለሰ። የምሩን ነበር፣ ወላሂ።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ቪዲዮው አይደለም። በዚያ ሠርግ ላይ ኢብሮ አልነበረም። ኢብሮ አንድ ወንድሜ ነው፤ እናታችን ከእኔና ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም። እሱና ባሌ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ተኳርፈው ኖሩ። እናታችንን ስንቀብር እንኳን አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሄዱ። ልጆች ወልጄ አሳደግኩ፣ ካዛንቺስ ፈርሳ ቂርቆስ ተከራይተን ገባን፤ ወንድሜ አንድ ቀን ባሌ ባለበት ቤት እግሩን አላስገባም። ዒድ በመጣ ቁጥር ምግቡን ለሁለት እየከፈልኩ፣ ግማሹን በሳህን ይዤ ወሎ ሰፈር ወደ ኢብሮ ሱቅ ስሮጥ አረጀሁ። እኔ ከአላህ የምለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ሁለቱ አንድ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ማየት። የጠቡን ምክንያት ስነግራችሁ እንዳትስቁ፤ አንድ የቪዲዮ ካሴት ነው።

መጀመሪያ ጠልሐን እወቁት። የተወለደው ካዛንቺስ ነው፤ አባቱ ከወሎ መጥተው ልብስ ሲሰፉ ኖረው እዚያው ሞቱ። እሱ ገና በጎረምሳነቱ ፎቶ ቤት ተቀጠረ፣ ቪዲዮ የሚባል ነገር ሲመጣ ደግሞ ያን ትከሻ ላይ የሚጫን ትልቅ ካሜራ ከየት እንዳመጣው እንጃ አመጣው። ቀኝ ትከሻው ዛሬም ከግራው ዝቅ ያለ ነው፤ ካሜራው ነው የጫነው። ዝምተኛ ነው። እኔ አሥር ቃል ስናገር እሱ "እሺ" ይላል፣ እሷንም ቆጥቦ።

ሥራው ላይ ግን አንድ አመል ነበረበት። ሙሽሮቹን ትንሽ ቀርጾ ይተዋቸውና ወደ እንግዳው ይዞራል። ጠረጴዛ በጠረጴዛ፣ ሰው በሰው፤ የሚጎርሰውን፣ የሚያንቀላፋውን፣ ከአማቱ ጋር በዓይን የሚጣላውን። "ሙሽሮቹንማ ፎቶም ያነሳቸዋል" ይላል። የሠርግ ባለቤቶች በዚህ ይወዱት ነበር፤ ማን መጣ ማን ቀረ የሚለው ከዚያ ይታወቃላ! አሁን ሰፈሩ ፈርሶ ሰው ከተበተነ በኋላ ደግሞ እየደወሉ፣ "ጠልሐ፣ የእገሌ ሠርግ ላይ አባቴ ነበረ፤ አለህ ወይ?" ይሉታል። የሞተ አባታቸውን በሰው ሠርግ ላይ ሊያዩ። ካለው ይሰጣል፣ ከሌለው ቀኑን ሙሉ ፊቱ ይጠቁራል።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ወንድሜ የሮክ ኮንሰርት ቅረጽልኝ ያለው።

ኢብሮ ያኔ ተማሪም ድራም መቺም ነበር። ከሰፈር ልጆች ጋር አምፖል ባንድ የሚባል አቋቋሙ። ስሙን ያወጣው ዘፋኙ ተከስተ ነው፤ ለምን አምፖል ሲሉት "ስለምናበራ ነዋ!" ይል ነበር። በዚያን ጊዜ ሁሉም ባንድ የሠርግ ዘፈን ሲያጠና እነሱ ረጅም ፀጉር አሳድገው ጊታር ያስጮሃሉ። ጎረቤት "ቆርቆሮ ቤት የሚያፈርሱ መጡ" እያለ ያፌዝባቸዋል። ኢብሮ ልምምዱን የጀመረው የእማን ሳፋዎች ደፍቶ በመምታት ነው፤ እማም ሳፋዎቿን አልጋ ሥር ትደብቅ ጀመር።

እማ፣ ሰፈሩ እትዬ ሀፊዛ የሚላት፣ በርበሬና ቅመም ነጋዴ ነበረች። አምስት ወቅት ሰላቷ አይታለፍም፣ ቃሏም አይታጠፍም። ኢብሮን እንዲህ አለችው፤ "ልጄ ነህ፣ አበላሃለሁ አጠጣሃለሁ። ጩኸትህን ግን አልሰማም። እግሬም እዚያ አይረግጥም።" እሱ ደግሞ ኮንሰርቱ ከመድረሱ በፊት ጉልበቷን ይዞ ለመናት። "አንድ ቀን ብቻ ነይ። ከዚያ ተው ካልሽኝ እተዋለሁ።" እጁን ከጉልበቷ ላይ አንስታ ሚጥሚጣ ልትለቅም ተነሳች። እኔ እዚያው ነበርኩ።

ኮንሰርቱ እሑድ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ግቢ ሆነ። መድረኩን ራሳቸው ናቸው የሠሩት፤ የቢራ ሳጥን ደርድረው፣ ጣውላ ረብርበው፣ ጣውላው ሲያልቅባቸው የአዳራሹን በር ነቅለው ጨመሩበት። ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ ከሆነ ቦታ ተውሰው በግራና በቀኝ ገተሩ። ከመድረኩ ጀርባ አንድ ጎረቤት ለዓረፋ የገዛው በግ ታስሯል። እኔ ከፊት ቆሜ እጮሃለሁ፤ እማ ለቅሶ ልደርስ ነው ብላ ስለወጣች ሾልኬ ነው የመጣሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግማሽ አዲስ አበባ ያውቀዋል። ተከስተ ሲዘል በሩ ተሰበረ፤ እሱ ማይኩን እንደያዘ እስከ ወገቡ ሳጥኖቹ መሃል ገባ፣ ግን መዝፈኑን አላቆመም። አንዱ ሞንታርቦ ተንገዳግዶ በጊታር መቺው በኩል ተጋደመ። በጉ ደንግጦ ገመዱን በጥሶ መድረክ ላይ ወጣና መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰውን ያይ ጀመር። አንድ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ልጃቸውን ፍለጋ ገብተው በዱላቸው ያገኙትን ይላሉ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ጊታሩም ማይኩም ዝም ሲል ሰው ሊበተን ነው፤ ያኔ ኢብሮ ብቻውን መምታት ጀመረ። ድራም መብራት አይፈልግማ! በዚያ በተሰባበረ መድረክ ላይ፣ በጉን አጠገቡ አቁሞ፣ እንደዚያ ቀን መትቶ አያውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልመታም። የሚወጣው ሰው ከበር ተመለሰ። እኔ አለቀስኩ።

ቪዲዮውን ለማየት በሳምንቱ ጠልሐ ቤት ተሰበሰቡ፤ እኔ አልነበርኩም፣ ኢብሮ ነው የነገረኝ። ይቅር ይበለኝ፣ ባሌ የቀረጸው ሠርግ ነው! በርጩማ ላይ የተቀመጡትን ተራ በተራ፣ ሳምቡሳ የሚበሉትን፣ አጥር ላይ የተሰቀሉትን ሕፃናት። ባንዱ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ኢብሮ ጥርሱን ነክሶ ታገሠ፤ የእሱ ሰዓት እስኪደርስ ነው። መብራት ጠፍቶ ድራሙ ሲጀምር ካሜራው አንድ ጊዜ አየውና ዞረ። ወደ የት? ወደ ቆርቆሮ አጥሩ። ኢብሮ ብድግ አለና፣ "ጓደኛዬ መስለኸኝ ነበር" ብሎት ወጣ፤ በሩን ሲዘጋው ቤቱ ተነቃነቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። ጠልሐ ካሴቱን አውጥቶ ቆለፈበት። አንድ ቃል አልመለሰም። ባንዱም በዚያው ሞተ።

እኔም ሳገባው ጠየቅኩት። "ለምን ዞርክ?" ስለው "አመሌ ነው" አለኝ። ሌላ አይጨምርም። በአንድ ነገር ሲያርረኝ፣ "አንተ አጥር ቀራጭ!" እለዋለሁ፤ ዝም። ካሴቱንም አይቼው አላውቅ፣ ሳስበው ደሜ ስለሚፈላ።

ከዚያ ዳባ መጣ። ዳባ እዚሁ ቂርቆስ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የድሮ ሸክላና ካሴት የሚሰበስብ ወጣት ነው። ከካሴቱ አንድ ኮፒ፣ መብራት እስከሚጠፋበት ድረስ ያለው፣ ያኔውኑ ከጠልሐ ፎቶ ቤት ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ ኖሯል ለካ። ሰብሳቢዎቹ "በጉ ያለበት" ይሉታል። ዳባ እንደነገረኝ፣ ኮፒው በተገለበጠ ቁጥር ቀለሙ እየነጣ ስለሚሄድ በጉ ቡናማ የሆነበት ያለው ሰው በጉ ነጭ የሆነበት ባለው ላይ ይኩራራል። የሚጣሉበትም አለ፣ ጉድ እኮ ነው።

"ልጄ፣ ምኑ ነው የሚያምረው?" አልኩት። "መድረክ ሲፈርስ ነው የምታዩት?"

"ማዘር፣ የተስተካከለ ኮንሰርትማ ሞልቷል" አለኝ። ማዘር ሲሉኝ አልወድም፤ ግን አነጋገሩ ደስ አለኝ። "መብራቱ ልክ፣ ድምፁ ልክ፣ ዘፋኙ ልክ። በቃ፣ ሁሉም አንድ ነው። ይሄኛው ግን ማለቴ፣ ማንም ምንም አላዘጋጀበትም። ሰው ሁሉ እንደ ራሱ ነው ያለው። በዚያ ላይ ሰፈሩ! ያ ሰፈር እኮ አሁን የለም። ካሴቱ ቀሽት ነው፣ አንደኛ። ዋናውን ካሴት አይቶ የሚያውቅ የለም፣ እባክዎን ጋሽ ጠልሐን ያናግሩልኝ።"

ጠልሐ እንቢ አለ። ዳባ ተመላለሰ። ካሴት ሻጋታ እንደሚበላው፣ ዛሬ ነገ ሲባል ባዶ ጥቁር ክር እንደሚሆን አስረዳው። ያኔ ጠልሐ ደነገጠ፤ ፊቱ ላይ አየሁበት። ማታውን ራት ሳይበላ ቀረ። ጠዋት ሻይ ስቀዳለት፣ "ከሪማ፣ ይገልብጠው። ግን ኢብሮ ሳያየው ማንም አያየውም" አለኝ።

"እንዴት አድርጎ ያያል? ከአንተ ጋር ቁጭ ብሎ?"

"እሺ በይና ለምኚው።"

ወሎ ሰፈር ሄድኩ። ኢብሮ የመኪና ዕቃ ነው የሚሸጠው፤ ፍሬን ሸራና ካንዴላ በተደረደረበት መደርደሪያ ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። የፀጉሩ ነገር ተዉት፣ አንድም አልቀረለት።

"ካሴቱ ሊታይ ነው" አልኩት።

"የቱ ካሴት?"

"አታድርቀኝ ኢብሮ።"

ጋዜጣውን አጠፈው። "አጥሩን ልመለከት ነው? አጥሩ እኮ ፈርሷል። ያንን አጥር ያየሁት ይበቃኛል። ታውቂያለሽ አይደል፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው እንደዚያ የመታሁት። እማ አልሰማችኝ። እሱም አላሳየኝ። ለማን ልንገር? ድሮ ድራም እመታ ነበር ስል ልጆቼ ይስቁብኛል።"

ተናደድኩ። "እኔስ?" አልኩት፤ እንባዬ ቀደመኝ። "በሁለታችሁ መሃል ሳህን ይዤ ስሮጥ ጉልበቴ አለቀ። እኔ ብሞት እንኳን አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆናችሁ ልትሸኙኝ ነው። በእማ ሞት ይዤሃለሁ፣ ና!"

በእማ ስም ሲያዝ አይችልም። "እመጣለሁ፤ እሱን ግን አላናግርም" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳባ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ተቀመጥን። ኢብሮ በር አጠገብ፣ ጠልሐ ግድግዳው ጥግ፣ እኔ መሃል። ዳባ ማጫወቻ ዴኩን ጠራርጎ አዘጋጅቷል፤ ካሴቱን አስገባ። መጀመሪያ ነጭ መስመር ዘነበ፣ ከዚያ ካዛንቺስ መጣች።

አላህዬ! ሰው ሁሉ ወጣት ነው። ላምባ ትሸጥ የነበረችው ጀሚላ፣ ከነጉርድ ቀሚሷ። የታክሲ ረዳቱ ሳላሀዲን፣ አፉን ከፍቶ። ከኋላቸው ያ ዋርካ፣ ያ ቡና ቤት፣ ያ ተዳፋት መንገድ። እኔ ስም እየጠራሁ እጮሃለሁ። ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ከከተማው ዳር የት እንደገባ አላውቅም፤ እዚህ ግን ጠልሐ ሁሉንም አንድ በአንድ አስቀምጧቸዋል። ያኔ ነው አመሉ የገባኝ። ኢብሮም ሳያስበው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

"ያ ሐጎስ አይደል እንዴ፣ ዳቦ ቤቱ?" አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

"እሱ ነው" አለ ጠልሐ።

ኢብሮ ከንፈሩን ገጠመ።

መድረኩ ፈረሰ፣ ሞንታርቦው ተጋደመ፣ በጉ ወጣ። "ቡናማ ነው! ጥርት ያለ ቡናማ!" እያለ ዳባ ይፈነድቃል። መብራት ጠፋ። ድራሙ ጀመረ፤ ኢብሮ ብልጭ ብሎ ታየን፣ ያ ሁሉ ፀጉር! ካሜራው ዞረ።

"ይኸው! አጥሩ!" ብሎ ኢብሮ ተነሳ።

"ቁጭ በል!" አልኩት።

"ኢብሮ" አለ ጠልሐ፣ "እባክህ፣ ትንሽ ብቻ።"

ካሜራው አጥሩን ይዞ ቆየ፣ ከዚያ ተጠጋ። አንድ ቆርቆሮ ተገንጥሎ ክፍተት ተፈጥሯል። እዚያ ክፍተት ውስጥ ነጠላዋን አገጯ ላይ የሰበሰበች ሴት ቆማለች። እማ ናት። ለቅሶ ሄጃለሁ ያለችው እማ። ካሜራ ባየች ቁጥር ፊቷን የምትሸፍነው እማ፣ ፎቶዋ እንኳን በቅጡ የሌለን፣ ሙሉ ፊቷ! ልጇ ሲመታ እጇ ቆርቆሮው ላይ ነው፤ ጣቶቿ እየተከተሉት ነው። አንድም ጊዜ አልሳተችም። ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ትስቃለች፣ ደግሞ እንባዋ ይወርዳል፣ ደግሞ ትስቃለች። ድራሙ እስኪያልቅ ካሜራው ከእሷ ላይ አልተነሳም። ሲያልቅ ቀና ስትል ካሜራውን አየችው። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጠፋች።

ዳባ የዋህ ነው፣ ማንነቷንም አያውቅ፣ "ይቅርታ ጋሼ፣ ይህ ክፍል ላይ እርስዎ ጭራሽ አይታዩም" አለ።

"ዝም በል" አለ ኢብሮ። ድምፁ ተሰባብሯል። "ይኸው እየታየሁ አይደል? መልሰው።"

መለሰው። ሦስተኛም መለሰው። ከዚያ ኢብሮ ወደ ግድግዳው ጥግ ዞረ። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ኮንሰርቱ ሲያልቅ ግቢው በር ላይ ጠብቃ እጄን ያዘችኝ" አለ ጠልሐ። ረጅም ነገር ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው። "'አደራ፣ በአላህ፣ ለኢብሮም ለከሪማም ትንፍሽ እንዳትል፤ እናቴ ፈቅዳለች ብሎ ትምህርቱን ይተዋል' አለችኝ። ቃል ገባሁላት። ያን ቀን አጥሩ ላይ ሲደርስ ላቆመው ነበር፤ አንተ ቀድመኸኝ ወጣህ። ትምህርትህን ስትጨርስ ራሷ ትነግርሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አፍራ እንደሆነ እንጃ፣ አልነገረችህም። ከዚያ ሞተች። ማን ይልቀቀኝ? ሄጄ እንዳልጠይቃት እሷ የለች።"

"ለእኔ ለሚስትህ እንኳን!" ብዬ ጮህኩ። "ስንት ዓመት አጥር ቀራጭ እያልኩ ስሰድብህ!"

"ደህና ስድብ ነበር" አለ፣ ቀስ ብሎ።

ኢብሮ ተነስቶ ፊቱ ቆመ። ወንድሜ ኩሩ ነው፣ በዚህ እማን ነው የመሰለው። "ጠልሐ፣ አውፍ በለኝ" አለው።

"አውፍ ብያለሁ፤ ድሮ ነው ያልኩህ። እኔን ግን..." ጠልሐ ወደ ስክሪኑ አየ፤ እማ ጣቷን ከንፈሯ ላይ እንዳደረገች ቆማለች። "እኔን ማን አውፍ ይበለኝ? ይኸው አደራዋን በላሁ።" ከዚያ ባሌ፣ ያ ዝምተኛ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ኢብሮ እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን። ከእኛ ሌላ ልጅ የላትም አላልኳችሁም? ጠልሐን በሁለት በኩል ያዝነው። "እኛ ልጆቿ ነን" አልኩት። "በእማ ፈንታ አውፍ ብለንሃል። አደራዋን ተቀብለንሃል፤ ከዛሬ ጀምሮ የእኛ ነው።" ኢብሮም "አውፍ ብለናል" አለ፣ ያን ዝቅ ያለ ትከሻውን እንደያዘ።

ዳባ እስካሁንም እማ ያለችበትን ክፍል ለማንም አላሳየም፤ እኛን ሳይጠይቅ አያሳይም። ያን ቀን ግን ስለ ካሴቱ ያነሳ ሰው አልነበረም። ተነሱ፣ እኛ ቤት ምሳ ደርሷል አልኳቸው፤ ሁለቱም ተከትለውኝ ወጡ።